ክዳን

ሐሙስ ስምንት ሰዓት መዶሻዬን ጥዬ፣
ለፎርማኑ ጌጡ «ልጄን ላድርስ» ብዬ፣
ከአራተኛ ፎቅ ላይ ምዕራፍን አውርጄ፣
ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ እቆማለሁ፣ ትንሽ እጇ በእጄ።
ስምንት ዓመቷ ነው። ከክረምት ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም።

ለኛ ብሎክ ውኃ በሳምንት አንድ ሌሊት ነው የሚመጣው።
የቀዳሁትን ሁሉ ትከድናለች፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ብርጭቆ ሳይቀር፤
ክዳን የሌለውን በትሪ፣ በሳህን፣ በሒሳብ ደብተር።
እናቷ ገላን ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ናት፤
ምሳ ዕቃዋን ሁለቴ አጥብቃ የምትዘጋላት ይቺው ልጅ ናት።
ክፍት ውኃ ባለበት ዓይኗን አትከድንም፤
ሰፈሩ ምክንያቱን ያውቃል፣ አይጠይቀንም።

ከብሎኩ ጀርባ ለሕንፃ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ነበር።
ሐምሌ ዝናቡን አወረደ፣ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ፤
ኳሷ ተንከባልላ ገባች፤ ያፌት፣ ወንድሟ፣ ከኋላ።
ኳሷ ተንሳፈፈች።
ምዕራፍ ጠርዙ ላይ ነበረች።

እትዬ አስካለ ጠበል አመጡላት፣ በሃይላንድ፤
ክዳኑን ይበልጥ አጥብቃ መለሰችላቸው።
«ለዝምታ ደግሞ ሐኪም? ብር ከፍሎ አሸዋ ማስቧጨር?»
እውነቱን ለመናገር፣ የኔም ቃል መጀመሪያ ይኸው ነበር።

ክፍሉ ሳሪስ ነው። በሩ ላይ፣ የላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሃምሳ ደቂቃ እጠብቃለሁ።
ጎኔ የምትቀመጥ ሴት አለች፤ ልጇ እሳት ይፈራል፤
ስም አንጠያየቅም፣ ሶፍት እንበዳደራለን።
ሴራሚክ ነጣፊ ነኝ፤ ነጥፌ ስጨርስ በጣቴ መትቼ አዳምጣለሁ፤
ባዶ ከጮኸ፣ ሥሩ ሲሚንቶ እንዳልያዘ አውቃለሁ።
ልጄንም እንዲሁ ሳንኳኳት ከረምኩ፤
«ምን ተጫወታችሁ? ደህና ነሽ? ዛሬስ?» አንድ ቀን አልተውኩ።
ሲስተር ትርሲት ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ አቆመችኝ፤
«ገና ያልደረቀ ወለል ይረገጣል?» ብላ ጠየቀችኝ።
ምን ልመልስ፤ በገዛ ሙያዬ ያዘችኝ።
«ታዲያ ምን ላድርግ?»
«ክዳን ግዛላት።»

አቃቂ ገበያ ስገባ ነጋዴው ሳቀብኝ፤
ባልዲ የሌለው ክዳን ማን ይሸጣል? ባልዲውንም ጨመረብኝ።
ከዚያ ወዲህ፣ ሌሊት ቧንቧው ሲያጉረመርም እንነሣለን፤
እኔ እሞላለሁ፣ እሷ ትከድናለች፤ ሳንነጋገር እንተኛለን።

በአሥራ ዘጠነኛው ሐሙስ፣ ስንመለስ፣
አፍንጫዋን ከመስኮቱ አስጠግታ
«ወራጅ» አለች።
እንደ ትንፋሽ። ረዳቱ አልሰማም፤ ሙዚቃው ጮክ ብሏል።
«ወራጅ አለ!» ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።
የሷን ቃል በኔ ድምፅ መሸፈን አልቻልኩም፤
ሰፈራችንን አለፍነው።
አንድ ፌርማታ አልፈን ወረድን፤ በአቧራው፣ በእግራችን ተመለስን፤
እሷ ጠጠር እየመታች፣ እኔ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ ደረስን።

በሃያኛው ሐሙስ ምንም። በሃያ አንደኛውም ምንም።
ጌጡ የግማሽ ቀን ሒሳብ ቆረጠ፤ ይቁረጥ፣ አልከፋም።

ትናንት ሌሊት ውኃ መጣ። ሞላሁ፤ ከደነች፤ ገብታ ተኛች።
ስቆጥር አንዷ ባልዲ፣ ሰማያዊዋ፣ ክፍቷን ነበረች።
ረስታት ይሁን ትታት እንጃ፤ ቀስቅሼ አልጠየቅኳትም።
እሷ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። እኔ ግን አልቻልኩም።
ውኃው ጥቁር ነው በጨለማ። የኮሪደሩ መብራት መሐሉ ላይ
እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ይንሳፈፋል።
ልከድናት ተነሣሁ። ልጄ የተወችውን እንዴት ልክደን?
ሲነጋ ባልዲዋ ጎን፣ እኔው በነጠፍኩት ወለል ላይ፣
ቁጭ ብዬ ነበር፣
ክዳኗን ታቅፌ።